ያለ ጠብ አልነሳም ያለች ኮምፒዩተር

፩

አልተነሳችም።

፪

አሁንም አልተነሳችም። (ይህ ቁጥር አሥራ አንድ ጊዜ ተደግሞ ነበር። ለአንባቢ ስል አሳጥሬዋለሁ፤ ለአቶ መርዕድ ግን ማንም አላሳጠረለትም።)

፫ የዕቃው መግለጫ

ዓይነት፦ የቤት ኮምፒዩተር። የራሷ ስክሪን የላትም፤ ቴሌቪዥን ትዋሳለች። የምትሠራውንም ከካሴት ሰምታ ነው የምታውቀው።

የመጣችው፦ በ1978 ዓ.ም. ከሶፊያ፣ የአየር ጠባይ ትምህርት ጨርሶ በተመለሰው በአቶ መርዕድ ሻንጣ፣ በሁለት ሹራብ ተጠቅልላ።

የኖረችው፦ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ሠላሳ አራት ዓመት።

ብልሽት፦ ሲላት ትነሳለች። አብዛኛውን ጊዜ አይላትም።

የተፈለገችበት ምክንያት፦ ከታች ይመልከቱ።

፬ ከታች

አቶ መርዕድና ወይዘሮ ይርገዱ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ማኅደር። በአሥራ አራት ዓመቷ በዚህችው ኮምፒዩተር አንድ ፕሮግራም ጻፈችና ካሴት ላይ ቀዳችው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለሁለታችሁ» ብላ ጻፈችበት። «ሳልነግራችሁ ማየት የለም» አለች። ሳትነግራቸው በሳምንቱ ሞተች።

ዘንድሮ ቤቱን ቀለም ሊያስቀቡ ዕቃ ሲያወርዱ ካሴቱ ወጣ። ቴሌቪዥን ጠጋኟ ህብስት ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ ክሩን በብርሃን አየችው፣ ፊቷም ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ክሩ ደርቋል። አንድ ጊዜ ቢነበብ ነው። ለሁለተኛው አልምልም።»

ሌላ ኮምፒዩተር የዚህችን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ እሷው መነሳት አለባት፤ ያውም ካሴቱ ተነብቦ እስኪያልቅ፣ ለስድስት ደቂቃ ሳትጠፋ።

፭ የመጀመሪያው መነሳት (ቃል በቃል)

ይርገዱ፦ ስንቴ ልንገርህ? ብሎን በቢላዬ አትፍታ!

መርዕድ፦ ቢላሽን ማን ነካው?

ይርገዱ፦ ጫፉ ታዲያ የት ሄደ?

መርዕድ፦ እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ሽንኩርቱን ጠይቂው!

ኮምፒዩተሯ፦ ጢ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ባልና ሚስት በደስታ ተቃቀፉ።

ጠፋች።

፮ የሙከራ መዝገብ

አቶ መርዕድ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የዝናብ መጠን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር ለእሱ አልሆነም። ስለዚህ፦

ማክሰኞ። በመልካም አንደበት፦ አልተነሳችም።
ማክሰኞ። ስለ ይርገዱ ወንድም ሠርግ፦ ተነሳች። አርባ ሰከንድ።
ረቡዕ። እንደገና ስለ ወንድሟ ሠርግ፦ አልተነሳችም። አንዴ ያለቀ ጠብ አይሠራም።
ረቡዕ። ስለ ወጡ ጨው፦ ብልጭ ብላ ጠፋች።
ረቡዕ። በኩርፊያ፦ ምንም።
ሐሙስ። የውሸት ጠብ፣ ከወረቀት እየተነበበ፦ አልተነሳችም። ይርገዱ ሳቀች።
ዓርብ። ስለ መርዕድ እናት፦ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። የሳምንቱ ከፍተኛ።*

* ህብስት እንዳስረዳችው ኮምፒዩተሯ ውስጥ አንድ የላላ የሽቦ እግር አለ። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ሲቆጡ ይረግጣሉ፣ ሲረግጡ እግሩ ይገጥማል። ይህን ሰምተው ሳይጣሉ ለሩብ ሰዓት ወለሉን ረገጡት። ምንም። «እኔ እንግዲህ ሳይንሱን ነግሬአችኋለሁ» ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች።

፯ አንባቢ ያግዙ

ሃምሳ ዓመት በትዳር እንደቆዩ ያስቡ። ከዚያ ለስድስት ደቂቃ የሚበቃ ጠብ ይፈልጉ። እውነተኛ ይሁን። ከዚህ ቀደም ያልተነካ ይሁን።

ይፈልጉ።

እነሱም ፈለጉ። የጎረቤቱን አጥር፣ የጠፋውን ጃንጥላ፣ በ1969 ዓ.ም. ሳይመለስ የቀረውን ሰላምታ ሁሉ አወጡት። ሁሉም ተጣልተውበት አልቋል።

አንድ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱም ያውቁታል። አንዳቸውም ስሙን አይጠሩትም።

፰ ሽማግሌዎች

ሳምንት ሙሉ ጩኸት የሰማ ሰፈር ዝም አይልም። ቅዳሜ ጧት ሦስት ሽማግሌዎች በአቶ ልሳነወርቅ መሪነት መጡ።

ልሳነወርቅ፦ እንደው በዚህ ዕድሜያችሁ! ምን ነካችሁ?

መርዕድ፦ ኮምፒዩተር እያስነሳን ነው።

ልሳነወርቅ፦ (ወደ ጓደኞቹ ዞሮ) ነገሩ ከብዷል።

ይርገዱ፦ እውነቱን ነው። ጠብ የለንም። ችግራችንም እሱ ነው፣ ጠብ አልቆብናል።

ልሳነወርቅ፦ እሱንም እናስታርቃለን።

ሳይታረቁ ከወንበር አንነሳም አሉ። አልተነሱም። ባልና ሚስት የሚታረቁበት ነገር ስላልነበራቸው እርቁ አራት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ጉንጭ ለጉንጭ አሳሳሟቸውና ወረቀት አስፈረሟቸው፦ «ከእንግዲህ ሽማግሌ በሌለበት ላንጣላ ቃል ገብተናል።»

መርዕድ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ነገ ከሰዓት ይመቻችኋል?»

«ለምን?»

«ልንጣላ ነው።»

፱ እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ህብስት ጣቷን የቴፑ ማጫወቻ ቁልፍ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። የተጣላ ሰው የለም።

አቶ ልሳነወርቅ ሰዓቱን አየ። «ጀምሩ እንጂ።»

መርዕድ ፈራ። እስከ ዛሬ የፈራው ነገር ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም። ማኅደር በሞተችበት ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ አተኮሳት፣ አንገቷን አመማት። አንድ ሰው «ጉንፋን ነው፣ ሰኞ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን» አለ። ሰኞ አልደረሰችም። ያንን ያለው እሱ ነው። ይርገዱ ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም፤ ባላነሳችበት ቁጥር እሱ ዓይኗን ማየት እያቃተው ኖረ።

መርዕድ፦ የዚያን ዓርብ ሰኞ እንወስዳታለን ያልኩት እኔ ነኝ። በይ አሁን ውቀሺኝ።

ይርገዱ፦ ምን አልክ?

መርዕድ፦ እኔ ነኝ ያልኩት።

ይርገዱ፦ አንተ ከየት መጥተህ? እኔ ነኝ እንጂ ያልኩት!

መርዕድ፦ አንቺ ኩሽና ነበርሽ!

ይርገዱ፦ አንተ ከሥራ አልተመለስክም! እጄ ግንባሯ ላይ ነበር! በገዛ አፌ ነው ያልኩት!

መርዕድ፦ አትዋሺ! በር ላይ ቆሜ፣ ኮቴን ሳላወልቅ!

ይርገዱ፦ ታዲያ የኔን ጥፋት ማን ውሰድ አለህ? ይህን ሁሉ ዓመት! ማንን ጠይቀህ? መልስልኝ!

መርዕድ፦ አልመልስም! የኔ ነው!

ኮምፒዩተሯ፦ ጢ።

ህብስት ተጫነች። ካሴቱ መጮህ ጀመረ። አቶ ልሳነወርቅ እንባው እየወረደ ሊያስታርቅ ብድግ አለ።

ህብስት፦ አባቶቼ፣ በማርያም፣ እንዳታስታርቋቸው! ገና አምስት ደቂቃ አለው!

ሽማግሌው ግራ ገባው። ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያም በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ።

ልሳነወርቅ፦ አቶ መርዕድ፣ እሷ ያለችው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

መርዕድ፦ እርስዎ ደግሞ ምን ያውቃሉ!

ጠቡ እንዲህ እያለ ቀጠለ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ መዝገቡ ላይ የለም። አቶ መርዕድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመዘግብ ቀረ።

፲ ስክሪኑ ላይ

(ኮምፒዩተሯ የእኛን ፊደል አታውቅም። ልጅቷ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር የጻፈችው፤ እዚህ ወደ ቤቱ መልሼዋለሁ።)

ዳኛ
እማዬና አባዬ ሲጨቃጨቁ የሚከፈት

ጥፋተኛው ማነው?

1 እማዬ
2 አባዬ
3

ከሦስት ቀጥሎ የተጻፈው አልተነበበም። ክሩ እዚያ ጋ ተበልቷል።

ሁለቱም ዝም አሉ። ዝም ሲሉ መጥፋት ነበረባት። ሁሉም ስትጠፋ ለማየት ትንፋሹን ያዘ።

አልጠፋችም።

«ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝኩም» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

ይርገዱ ጣቷን ዘረጋች። መርዕድም ዘረጋ። እሱ ሁለት እንዳይጫን ፈርታ፣ እሷ አንድ እንዳትጫን ፈርቶ፣ ሦስት ላይ ተገናኙ። ዓይኗን አያት። አብረው ተጫኑ።

፲፩ ብይን

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆየ፤ የማንንም ስም አልጻፈም።