ለሚቀጥለው ቅዳሜ የተቀጠረው ችሎት

መነጽር ሠሪው የሚወደው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚጠላውም ብዙ አይደለም። ግን የወደደውን አጥብቆ ይወዳል፣ የጠላውንም እንደዚያው። ሲኒማ የሚገባው በሳምንቱ መሀል፣ አዳራሹ ባዶ በሚሆንበት በስምንት ሰዓት ነው። ፀጉሩን ለመስተካከል ሁለት ፌርማታ አልፎ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ፀጉር አስተካካይ “ቀና በል” ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ያለ ማዳመጫ የሚያስጮህ ሰው ካጋጠመው ወርዶ በእግሩ ይጓዛል። ከኋላው ተቀምጦ “አሁን እኮ ትተወዋለች፣ ቆይ ታያለህ” እያለ ፊልሙን አስቀድሞ የሚተርክ ሰው ከገጠመው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደሙ እንደፈላ ይውላል። ይህን ሁሉ ግን በሆዱ ነው። አፍ አውጥቶ ሰውን መናገር አይሆንለትም።

ዕድሜው አርባ ስድስት ነው፣ አላገባም። ከእናቱ ጋር አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራል። ሐኪም ቁጥሩን ጽፎ የሚልክለትን ሌንስ በፍሬሙ ልክ ይሞርዳል፣ ጠርዙን ያለሰልሳል፣ ይገጥማል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን ሰው ጋዜጣ እንዳስነበበ ቆጥሮ አያውቅም። ለእናቱ ግን ምንም ሊያደርግ አልቻለም። የያዛቸው የዓይን ግፊት ነው፤ እሱ ደግሞ መነጽር አይሰማም። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመባቸው፣ ቀጥሎ መሀሉ ጠበበ፣ አሁን የሚታያቸው መስኮትና መብራት ብቻ ነው።

“ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ” ይላሉ፣ እሱ ሲያዝን ሲሰማቸው። “ተው ልጄ፣ ያየሁት ይበቃኛል። ደግሞ የቀረኝ ነገር ለጆሮ ነው።”

ለጆሮ የቀረላቸው የቅዳሜው የሬዲዮ ድራማ ነበር። እናትና ልጅ አንድ ላይ የሚወዱት ይህን ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይተላለፋል፤ ዋናው ሰው አንድ ሽማግሌ ዳኛ ናቸው። ዳኛውን ሆነው የሚጫወቱት ተዋናይ ድምፃቸው ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉን መዝኖ የሚያወጣ ነበር። “ችሎቱ ተሰይሟል” ሲሉ እናቱ ወንበራቸው ላይ ቀና ይሉ ነበር፤ የእሳቸው ጉዳይ የሚታይ ይመስል።

ባለፈው ዓመት ዳኛው ፊት የገዛ ልጃቸው ተከሳሽ ሆና ቀረበች። ዐቃቤ ሕጉ ተናገረ፣ ጠበቃው ተናገረ፣ ልጅቱ አለቀሰች። ዳኛው “ለውሳኔ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል” አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናትና ልጅ ሻያቸውን ይዘው ሬዲዮኑን ሲከፍቱ ሦስት ሰዎች ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ዝውውር ይጯጯሁ ነበር። የዚያን ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም።

መነጽር ሠሪው እንደምንም ደፍሮ ወደ ጣቢያው ደወለ።

“እሱ ፕሮግራም ተጠናቋል” አለችው ስልክ ያነሳችው ሴት።

“አልተጠናቀቀም እኮ እህቴ። ውሳኔው አልተሰጠም።”

“የአየር ሰዓቱ ነው የተጠናቀቀው ጌታዬ።”

የቆየውን ቅጂ እንዲሸጡለት ቢለምን፣ ቢሮ ሲቀይሩ ጠፍቷል አለችው። እናቱ ሲነገራቸው አልተቆጡም። “ቀጠሮ ተራዘመ ማለት ነው” አሉ። “ፍርድ ቤት መቼ በቀኑ ጨርሶ ያውቃል?”

ከወራት በኋላ ከሕንፃው ሥር ያለው ባዶ ሱቅ ተከፈተ። ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የማይሸጥበት ዕቃ የለም። ባለሱቁ ፈገግታ የማይለየው ወፍራም ሰው ነው፤ በሩ ላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት “ቅናሽ! ቅናሽ!” ስለሚል ሰፈርተኛው ስሙን ቅናሽ አለው። ማጉያው የተሰቀለው ልክ ከመነጽር ሠሪው መስኮት ሥር ነው። የብርጭቆ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል።

መነጽር ሠሪው ሦስት ቀን ደረጃው ላይ እየቆመ ተመለሰ። በአራተኛው ገባ።

“ወንድሜ፣ ድምፁን ትንሽ ብትቀንሰው፤ እናቴ...”

“ውይ ጌታው፣ በደስታ!” አለ ቅናሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር ስቦ እያስቀመጠው። “ጎረቤት ከወንድም ይበልጣል።” እዚያው ፊቱ ቀነሰለት። መነጽር ሠሪው አመስግኖ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ድምፁ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው አቤቱታ እንጻፍ ያሉት። እሳቸው በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው ጻፉ፤ እሱ በየበሩ እያንኳኳ አስፈረመ። አሥራ አራት ፊርማ። በሕይወቱ እንዲህ ዓይነት ነገር አድርጎ አያውቅም፤ ወረቀቱን ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት ራሱ አስገባ። ቅሬታ ተቀባይዋ ማኅተም መታችበትና “እንጠራችኋለን” አለች። ወር አለፈ፤ የጠራቸው የለም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ እናቱ ወንበራቸውን መስኮቱ ጥግ ድረስ ስበው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ተቀምጠዋል።

“እማዬ፣ ይኼን ጩኸት ነው የምትሰሚው?”

“ዝም በል፤ ስማ።”

ሰማ። ማጉያው ላይ አዲስ ቅጂ ነበር። ያ ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉን መዝኖ የሚያወጣ ድምፅ “ውድ ደንበኞቻችን፣ ቆም ብላችሁ እዩ” ይላል። “ድስት ከነክዳኑ። የማይጨማደድ ብርድ ልብስ። ዛሬ ብቻ።”

“ዳኛው ናቸው” አለ መነጽር ሠሪው፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ።

“ከችሎት ወርደው ድስት ሲሸጡ!” እናቱ ሳቁ፤ ሲስቁ ካያቸው ወራት አልፎ ነበር። “ምን ያድርጉ፣ ኑሮ ነው። ዋናው ጤና። እኔማ ሞተው ይሆን ብዬ ነበር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቱ ቀን ተለወጠ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት “ደህና አደሩ” ይሏቸዋል፤ ምሽት ሲዘጋ “ደህና ይደሩ”። “ዛሬ ብቻ” የምትለዋን ቃል ሲሰሙ “ትናንትም እንደሱ ብለውን ነበር እኮ” ብለው ይቀልዳሉ። መነጽር ሠሪው ብርጭቆዎቹን እንዳይንቀጠቀጡ በፎጣ ጠቀለላቸው። ራሱን ያመው ነበር፤ መስኮቱን ግን አልዘጋም።

አቤቱታው ትዝ ሲለው ግን እንቅልፍ አጣ። ሥራ አስፈቅዶ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

“ማመልከቻችንን ልንተወው ነው” አላት ቅሬታ ተቀባይዋን።

መዝገቡን ገልጣ አየች። “የአሥራ አራት ሰው ፊርማ አለበት። አንተ አንድ ነህ።”

“ያስፈረምኩት እኔ ነኝ።”

“ያስፈረምክ ልትሆን ትችላለህ፤ አሥራ ሦስቱም መጥተው ትተናል ካላሉ አይሆንም። ደግሞ ወደ ደንብ አስከባሪዎች ተመርቷል፤ ከእኔ እጅ ወጥቷል።”

መምህሩ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው የነገረውን እስኪጨርስ አዳመጡት፤ ከዚያም አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ለእናትህ አዝናለሁ ልጄ። ግን እኔ የልብ ሕመምተኛ ነኝ፤ በቀን አሥር ሰዓት ስለ ድስት መስማት አልችልም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አራስ ናት። ምን ብዬ ትተናል ልበል? ለመሆኑ እስከ ትናንት ከእኔ ብሰህ የምትቃጠለው አንተ አልነበርክም?”

ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። ሰውየው ያሉት በሙሉ እውነት ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መሰላል የያዙ ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ማጉያውን፣ ማጫወቻውንና ሚሞሪውን ነቅለው፣ በዝርዝር ጽፈው፣ ቅናሽን አስፈርመው ወሰዱ። መነጽር ሠሪው ሥራ ላይ ነበር። ማታ ሲገባ እናቱ እዚያው መስኮቱ ሥር ናቸው።

“ዛሬ ዝም አሉ” አሉት። “አሟቸው ይሆን?”

በማግስቱ በጠዋት ወደ ሱቁ ወረደ። ቅናሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሳይል ተቀበለው።

“ደስ አለህ? ፊርማህን አሳይተውኛል፤ አንደኛ ላይ ነው።”

“አላለኝም” አለ መነጽር ሠሪው። “ቅጂውን ፈልጌ ነው። ሌላ ኮፒ የለህም?”

“የነበረኝ ያቺ ሚሞሪ ናት። አሁን ማስረጃ ናት አሉኝ፤ ጉዳዩ እስኪዘጋ አትወጣም።” ቅናሽ የመነጽር ሠሪውን ፊት ሲያይ ነገሩ አልገባውም፤ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። “ሰውየውን ራሱን ከፈለግክ ስልኩን ልስጥህ። እዚህ ቅርብ ነው የሚኖረው።”

ሰው ጋ መደወል መነጽር ሠሪው ከሚጠላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ያን ቀን ግን ከሥራ ወጥቶ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ደወለ። ያነሳው ድምፅ ሻካራ፣ ትንፋሽ የበዛበት ነበር፤ የተዋናዩ አባት ይሆናሉ ብሎ ተዋናዩን እንዲያቀርቡለት ጠየቀ።

“እኔው ነኝ” አለ ድምፁ። “ጉሮሮዬን ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ወራት አለፉ። ያ ማስታወቂያ የዱሮ ነው፤ ለሌላ ሱቅ የቀረጽኩት።”

መነጽር ሠሪው ስለ እናቱ ነገራቸው። እሳቸው ዘንድ የቀረ ቅጂ እንዳለም ጠየቀ። “የራሱን ድምፅ ማን ያስቀምጣል ልጄ?” አሉ። “ሁልጊዜ ከእኔ ጋር የሚኖር መስሎኝ።” ቀጥለውም “ቅዳሜ ልምጣ?” አሉ።

መጡ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፉ። በሁለተኛው ዕረፍት ላይ መነጽር ሠሪው ዓመት ሙሉ ያስጨነቀውን ነገር ጠየቃቸው፤ “ውሳኔው ምን ነበር ጋሼ?”

“አላየሁትም” አሉ። “ጽሑፉ የሚደርሰን ሐሙስ ሐሙስ ነበር። የዚያን ሐሙስ አልመጣም።”

እናቱ ታጥበው፣ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ይጠብቁ ነበር። ተዋናዩ እጃቸውን ይዘው ሰላምታ ሰጡ። እናቱ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩና ጠበቁ፤ ከእንግዳው ኋላ ሌላ ሰው የሚገባ ይመስል።

“እማዬ፣ ዳኛው ናቸው እኮ” አለ መነጽር ሠሪው።

“እንዴት ነዎት?” አሉ እናቱ በትሕትና።

ተዋናዩ ነገሩ ገባቸው። ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ባላቸው አቅም ሁሉ “ችሎቱ ተሰይሟል” አሉ። ቃሉ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ መጨረሻው ሳል ሆነ። መነጽር ሠሪው ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

ሲመለስ እናቱ የእንግዳውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እያጽናኑ ነበር።

“አይድከሙ ግዴለም። ልጄ እኔን ደስ ሊያሰኝ ብሎ ነው ያስቸገረዎት፤ እሱ እንዲህ ነው። አነጋገሩን በደንብ ይዘውታል፣ አይካድም። ግን እኔ ሰው የማውቀው በድምፅ ነው አሁን፤ በዚህ አልታለልም።”

“እማዬ፣ እውነቴን ነው። ታመው ነው እንጂ እሳቸው ናቸው።”

“ይሁን ልጄ” አሉ፣ ድምፃቸውን ለሕፃን እንደሚያደርጉት አለስልሰው። “ይሁን። ሻይ ስጣቸው።”

ተዋናዩ መታወቂያ አውጥተው የሚያሳዩት ዓይን አልነበረም። ሻያቸውን ጠጡ። እናቱ ስለ ዳኛው ያወሩላቸው ጀመር፤ እንዴት ያለ ሰው እንደነበሩ፣ ባለቤታቸው የሞተች ጊዜ ችሎት ላይ ድምፃቸው እንዴት እንዳልተለወጠ፣ በኋላ ግን መዝጊያው ሲዘጋ እንዴት እንደተነፈሱ። ተዋናዩ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ፤ አንዳንዴ “እንዴ፣ እንዲህም ብለው ነበር?” ይላሉ። መነጽር ሠሪው በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ሻይ ይቀዳ ነበር።

ሸኛቸው። ፌርማታው ላይ አውቶቡሱ ዘገየ። መነጽራቸው አሁንም አዘንብሎ ነበር፤ የአንዱ ወገን የአፍንጫ ማረፊያ ላልቷል። “ይፍቀዱልኝ” አለና ከኪሱ ትንሿን መፍቻ አውጥቶ አጠበቀላቸው፣ እጀታዎቹን አስተካከለ፣ በመሀረብ ወልውሎ መለሰላቸው።

“አሁን ቀና አለ” አሉ ተዋናዩ፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ እያዩ። አውቶቡሱ ደረሰና ተሳፈሩ።

ቤት ሲመለስ እናቱ ሻይ የተጠጣበትን ብርጭቆ በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ጠረጴዛው መሀል ይገፉ ነበር።

“ሄዱ?”

“ሄዱ።”

“ምስኪን፣ ደግ ሰው ናቸው። ጉሮሮአቸውን እንዲታዩ ነገርካቸው?”

“ነገርኳቸው” አለ፣ ብርጭቆውን ከእጃቸው እየተቀበለ።