ሣሩን የሚያውቀው ሰው

«የኤሌክትሪኩን ብገዛ መብራት በሄደ ቁጥር ሣሩ ቆሞ ሊጠብቀኝ ነው?» አሉ አቶ ሰማው። ድምፃቸው አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል።

«ለቤንዚኑስ ስትሰለፍ ማን ይጠብቅህ?» አሉ ወይዘሮ አየሁሽ ከበረንዳው። «ደግሞ ጩኸቱ! ቤቴን ወፍጮ ቤት አላደርግም።»

«ለልጅሽ ሰርግ ብዬ ነው እኮ!»

«ለልጄ ሰርግ ብለህ ሳይሆን ጎረቤት እንዲያይህ ብለህ ነው።»

የኔሰው ከጽጌረዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ማጭዱን ያንቀሳቅሳል፤ የሰማም አይመስል። ባልና ሚስቱ ጡረታ ወጥተው ከባሕር ዳር ወደ ቢቸና ከተመለሱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ ሰርዶ አስተክለዋል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚያጭደው የኔሰው ነው። ገንዘብ አይቀበልም። ያጨደውን አስሮ ይወስዳል፤ ደመወዙ እሱ ነው። የእርሻ መሬት የለውም። ያለችው አንዲት ላም ናት፤ የምታድረው በሰው ግቢ ሣር ነው። ከወለደች ገና ወሯ ነው፤ ቤቱን የሚያቆመውም ወተቷ ነው።

ማጭድ ግን የቱንም ያህል ቢሳል ሣሩን እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይተወዋል። በጥር ለሚደገሰው ለልጃቸው ለፋንታ ሰርግ አቶ ሰማው ግቢያቸው እንደ ምንጣፍ እንዲሆን ፈለጉ። የሣር ማጨጃ ማሽን ይገዛ የሚለው ላይ ሁለቱም ተስማምተዋል፤ የቱ ይገዛ በሚለው ነው ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቁት።

«ለምን የኔሰው አይመርጥም?» አሉ ወይዘሮ አየሁሽ በመጨረሻ። «ሣሩን የሚያውቀው እሱ ነው። አንተማ በቀለሙ ነው የምትመርጠው፤ ያ ቀይ የውኃ ፓምፕህ ይኸው ዶሮ ይተኛበታል።»

አቶ ሰማው ወደ ጽጌረዳው ዞሩ። «የኔሰው፣ ነገ ሞጣ አብረኸን ትሄዳለህ።»

ምን እያዘዙት እንደሆነ ከሁለቱ አንዳቸውም ልብ አላሉም።

«እሺ ጋሼ» አለ የኔሰው።

ማታ ለሚስቱ ለባንቺዓለም ሲነግራት ሳቀች። «ክፉውን ምረጥላቸዋ! ለገና ሳይደርስ የሚሰበረውን። ያን ጊዜ ራሳቸው ይጠሩሃል።» ቀጥላ ልትቀልድ ነበር፤ ላሟን አየት አድርጋ ተወችው።

በማግስቱ በደብረ ወርቅ በኩል አድርገው ረፋዱ ላይ ሞጣ ደረሱ። የሙሐመድሸሪፍ ሱቅ ከምስማር እስከ ውኃ ፓምፕ የማይታጣበት ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። ሁለት ማሽን አውጥቶ ከሱቁ ጓሮ፣ ክረምቱ ያበቀለው ሣር ላይ አቆመላቸው።

የቤንዚኑ ቀይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ የጣሪያው ርግቦች ግር ብለው ተነሡ፤ አቶ ሰማው እንደ ልጅ ሳቁ። የኔሰውም ወደ ኋላ አፈገፈገ። የአንድ ጧት ሥራ ዓይኑ እያየ በአንድ ዙር አለቀ።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና…» አሉ ወይዘሮ አየሁሽ ባላቸውን እያዩ።

የኔሰው ተንበርክኮ ከተቆረጠው አንድ ዘለላ አነሣ። ጫፉ ተቦጫጭቋል። የዶለዶመ ማጭድ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ በሁለተኛው ቀን ሣሩ አናቱ ይነጣል፣ ሲሰነብት ይደርቃል። ማሽኑን ቀና አድርጎ ሆዱን አየ፤ እርጥቡ ሣር እንደ ጭቃ ተለጥፎበታል። የኤሌክትሪኩንም አስነሥተው ሞከሩት። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አቆራረጡ ያው ነው።

«አባዬ፣ ያ የሚገፋውስ?» አለች የነጋዴው ልጅ ሳብሪያ።

«ተይው እሱን። ሞተር የለው፣ ምን የለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያየው የለም።»

እሷ ግን እየገፋች አመጣችው። ሁለት ጎማ ነው፤ በጎማዎቹ መካከል እንደ ሐረግ የተጠማዘዙ አምስት ስለቶች ይዞራሉ፤ ከሥራቸው አንድ ጠፍጣፋ ስለት ተጋድሟል። የኔሰው አንድ ሣር ነቅሎ በስለቶቹ መካከል ያዘና ጎማውን በጣቱ ዞር አደረገው። ሣሯ ሳትንቀጠቀጥ ለሁለት ሆነች። ጫፏን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ልክ በምላጭ እንደተቆረጠች ናት። ሌላ ነቀለ። ደገመው። ሦስተኛ ነቀለ።

ሃያ ዓመት ማጭዱን ድንጋይ ላይ ሲስል የፈለገው ይህን ነበር። የሚያገኘውም ገና እንደተሳለ፣ ለሁለት ለሦስት እጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ስለቱ ይሄድበታል። ይህን የሠራው ማን ይሆን? የት አገር? ስሙንም መልኩንም የማያውቀው አንድ ሰው እንደሱ ቁጢጥ ብሎ የሣር ጫፍ ሲመለከት ውሏል ማለት ነው። ለካ እንዲያ ያለ ሰው በዓለም ላይ አለ።

ተነሥቶ ገፋው። ድምፁ ላም ስትግጥ እንደሚሰማው ነው። ባለፈበት ሣሩ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«እህሳ፣ የቱ ነው?» አሉ አቶ ሰማው፤ እጃቸው ቀዩ ላይ ነው።

የባንቺዓለም ቃል ጆሮው ላይ መጣ። ቀዩ ነው ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። በእጁ የቀረችውን ሣር አየ።

«ይኸኛው ነው ጋሼ» አለ። «ግን በየሳምንቱ መገፋት አለበት። ሣሩ ካደገ ይተኛበታል እንጂ አይቆርጠውም። አጭር እንደሆነ ከያዛችሁት አይነጣም። ሥራው ሲያልቅ ስለቱን ጠርጎ ዘይት መቀባት ነው።»

ሙሐመድሸሪፍ ሳቀ። «ወላሂ፣ ነጋዴው እኔ ነኝ አንተ? ቀዩን ብትልልኝ ምን ነበረበት!»

ወደ ቢቸና የተመለሱት በሚኒባስ ነው፤ ማሽኑ ጣሪያው ላይ ታስሮ። ግቢው ሲደርሱ የማጭዱን ሞገድ ለማቃናት የኔሰው የስለቱን ከፍታ አስተካክሎ፣ አንድ ጊዜ በቁም አንድ ጊዜ በአግድም ገፋው። ሲጨርስ ግቢው እንደ ምንጣፍ ሆነ። የጽጌረዳው ጥላ ሳይሰበር ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ጉንዳን ስትሄድ ከበረንዳው ድረስ ትታያለች። ጎረቤታቸው አቶ ምንይሉ ከአጥሩ ወዲያ አይተው ገቡና ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ።

«የተቆረጠውን ማንም እንዳያነሣው» አሉ ወይዘሮ አየሁሽ ቀስ ብለው። «ለራሱ ለሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል ብሎኛል ሙሐመድሸሪፍ።»

የኔሰው አንድ እፍኝ ዘገነ። ከጥፍር አይረዝምም፤ የሚታሰር ነገር አይደለም። መልሶ በተነው።

«እስቲ ለእኔ ስጡኝ» አሉ አቶ ምንይሉ። አቶ ሰማው እንዴት እንደሚያዝ እያሳዩአቸው አብረው ገፉ፤ ወይዘሮ አየሁሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያያሉ። የኔሰው ሣሩን እንዳይረግጥ አጥሩን ተጠግቶ በዳር በዳር ሄደ፤ መዝጊያውን ከፈተና ባዶ እጁን ወጣ።