ቀዩ ካፖርት

ጋሽ መርፌ ሰውን በፊቱ አያውቁትም። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ መንገድ ላይ ሰላም የሚሉት ኮሌታውን ነው እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ግድግዳችን አንድ ነውና ቀልዴን ለምደውታል።

ሚስታቸው፣ የእኔ የልብ ጓደኛ፣ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ፊልም በስልካቸው ደርሷቸው በሬን አንኳኩ። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተሠራ ነው። ቀይ ካፖርት የለበሰች ሴት ሦስት ቦታ ጀርባዋን ሰጥታ ታልፋለች፤ ፊቷ አይታይም።

"እሷ ናት" አሉኝ። "ካፖርቱን የሰፋሁላት እኔ አይደለሁ?"

ያኔ የፊልም ሰዎቹ ካፖርቷን መንገድ ላይ አይተው ፊልሙ ውስጥ እንድትገባ ለምነዋት ነበር። እሳቸው ደግሞ ባለትዳር ሴት ካሜራ ፊት ምን አላት ብለው ከለከሏት። ከሞተች ወዲህ ያ ነገር እንደ እሾህ ሲወጋቸው ከርሟል።

"ለካ ሳትሰማኝ ሄዳለች" አሉ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። "እንኳንም አልሰማችኝ።"

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትዮ እኔ ነኝ። "እኔ ካልሄድኩ ልብሴ እንኳ ይሂድ" ብላ ካፖርቱን ያዋሰችኝ እሷ ናት።

ያለፈችበትን ሁሉ ልርገጥ፣ አብረሽኝ ዙሪ ሲሉኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። እሁድ ጠዋት ካፖርቱን ክንዳቸው ላይ አጥፈው መጡ። የመጀመሪያው ቦታ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው፣ ዛሬ ጫማ መሸጫ ሆኗል፤ እሳቸው ግን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድልድዩ ላይ ደግሞ የብረቱን መደገፊያ ዳሰሱ፤ እዚህ ጋ ነው የያዘችው እያሉ። ብረቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ወትሮ ቢሆን እስቅባቸው ነበር።

መጨረሻ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ጋ ደረስን።

"ልበሺውና ደረጃውን ውጪ። እንዴት ሆና እንደወጣች ልይ።"

ወፍሬያለሁ፣ ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ ስፌቱ ይተረተራል፤ ያልደረደርኩት ሰበብ የለም። ለበስኩት። እውነትም አልቆለፍ አለኝ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ "በቃ" ሲሉ ሰማሁ።

ዞር ስል ከታች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

"ግራ ትከሻሽ ዝቅ ይላል" አሉ ቀስ ብለው። "ፊልሙ ላይ ሳየው ያጣመመው የእኔ እጅ መስሎኝ ነበር። የእሷ ትከሻ ቀጥ ያለ ነው።"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"እሷስ?"

"ልጆቼን ይዛልኝ ቤት ዋለች። አይሆንም ብለዋታላ።"

ሳትሰማኝ ሄዳለች ብለው ሳምንቱን ሙሉ የተጽናኑባት ያቺ አንዲት ቀን ከእጃቸው ስትወጣ ቆሜ አየሁ። የእኔ አፍ ለቀልድ እንጂ ለማጽናኛ አልተሠራም። ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በኋላ፣ ያኔ ከቀረጻው ስመለስ ሚስታቸው ምን እንዳለችኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። የት የት እንደቆምኩ፣ ማን ምን እንዳለ አንድም ሳይቀር አስወራችኝ። ስጨርስ ካፖርቷን ተቀብላኝ፣ ከኋላ ሲታይ ያምራል ወይ አለችኝ። ለብሳው ከኋላ አይታው አታውቅማ።

"ምን አልሻት?"

"እኔም ጀርባዬን አላየሁትም፣ ባልሽን ጠይቂው አልኳት።"

"አልጠየቀችኝም" አሉ።

ካፖርቱን ከትከሻዬ ላይ አወለቁልኝ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እጅጌውን በእጅጌው ላይ አድርገው፣ ጀርባውን ወደ ላይ አዙረው አጠፉት። እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

"ያምራል" አሉ፣ እኔን ሳያዩ። "በጣም ነው የሚያምረው።"