ለልጄ ሰርግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ተላጨሁ

እጄን ያወጣሁት በንዴት ነው፤ አልዋሽም። የትምህርት ቢሮው ሰውዬ ድርድሩ ላይ ከረቫቱን እያስተካከለ፣ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናንተም እቤታችሁ ትተኛላችሁ፤ ለተኛ ሰው ደሞዝ የሚከፍል መንግሥት የት አለ?» ብሎናል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለስምንት መቶ ተማሪ ሩዝ ቀቅያለሁ፣ ዓሣ ጠብሻለሁ፣ የዚያን ሁሉ ዘይት ጭስ ውጫለሁ። እረፍት በመጣ ቁጥር ደሞዜ ይቋረጣል። ተኝታችኋል ይለናል እንግዲህ።

የማኅበራችን ሰብሳቢ ማልሱን ናት፤ ስልሳ ሊሞላት ነው፣ እትዬ ነው የምላት። ከድርድሩ እንደወጣን ሰበሰበችንና፣ «አድማው ሐሙስ ነው። ቢሮው በር ላይ ሦስት ሰው ራሱን ይላጫል። ማን አለ?» አለች። እኛ ኮሪያዎች ዘንድ ሴት ለተቃውሞ አደባባይ ላይ ስትላጭ ካሜራ ይመጣል። ሳትላጭ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ብትጮህ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። የሰውዬው ከረቫት ዓይኔ ላይ እንዳለ እጄን አወጣሁ።

«አንቺ፣ የልጅሽ ሰርግ መቼ ነው?» አለችኝ ማልሱን።

ክው አልኩ። ከሐሙስ እስከ ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ነበር።

«በይ ተዪው፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«አንዴ አውጥቻለሁ እትዬ። አላወርድም።» ይሄን ግትርነቴን እኔም አልወደውም።

እቤት ገብቼ ስነግራት ልጄ ዳጆንግ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ምን ነካሽ እማ? የባህል ልብስሽን ሃንቦክ ለብሰሽ፣ ራስሽ ተላጭቶ ሰርጌ ላይ? አማቴ የበምሶክ እናት ምን ትላለች?»

«ደሞዝ ጠየቀች ትላለቻ።»

«ምግብ አብሳይ መሆንሽን አያውቁም።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው አልኩ። ውሸት አይደለም።»

«መምህር መሰልኳቸው በይኛ።»

ያለ አባት ያሳደጋት፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባት ያ መጥበሻ ነው። «ዊግ እገዛልሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንቺው አድርጊው» አልኳትና በሩን ደርግሜ ወጣሁ።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። የማኅበሩን ሐምራዊ ሰደሪያ ለብሰን ቢሮው በር ላይ ተቀመጥን። የፀጉር ማሽኑን የያዘችው ማልሱን ናት፤ ጆሮዬን ልትወስደው ነበር።

«ቀጥ በይ፣ አንቺ ቅብጥብጥ» ትለኛለች እያለቀሰች።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ላጪኝ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ።»

ፀጉሬ ጭኔ ላይ ሲወድቅ እንባ አልመጣልኝም፤ ንዴቱ ቦታ አልሰጠውም። የሰውዬው መስኮት መጋረጃው ሳይገለጥ ዋለ። ያን ቀን የተማሪዎቹ ምሳ ዳቦና ጭማቂ ሆነ። አንዲት እናት ደውላ፣ «ልጄን አስራባችሁት» አለችኝ። «እኔም ልጅ አለኝ» ብዬ ዘጋሁባት። ቢሮው እስከ ሰርጉ ቀን ትንፍሽ አላለም፤ እኛም ሥራ አልገባንም።

ቅዳሜ ሃንቦኬን ለበስኩ፤ ልጄ የገዛችልኝን ዊግ ከነካርቶኑ እቤት ተውኩት። አዳራሹ ውስጥ ያየኝ ሁሉ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ይሰብራል። ሁለታችን እናቶች እንደ ሰርጉ ደንብ ሻማ ልናበራ ጎን ለጎን ስንቆም፣ የበምሶክ እናት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አይዞዎት፣ ዳጆንግ ነግራናለች። ኬሞው በጣም ያደክማል አሉ። እንዲህ ሆነው እንኳን መምጣትዎ...»

ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ የባሰው ይኼ ነው። ልጄ አድማ ከመታች እናት ይልቅ ካንሰር የያዛት እናት ተሻለቻት።

ሻማውን አበራሁ። ሙሽሮቹ ለወላጅ እጅ ሊነሱ ፊታችን መጡ። ዳጆንግ ልታቅፈኝ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር፣ «እማ፣ በሞቴ፣ ዛሬን ብቻ ታመሚልኝ» አለችኝ።

አቀፍኳት። ጥብቅ አድርጌ ነው ያቀፍኳት፤ ልጄ ናት። ከዚያ ቀና አልኩና፣ አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ ለበምሶክ እናት መለስኩላት።

«እመቤቴ፣ እኔ አልታመምኩም። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። በእረፍት ወርም ደሞዝ ይከፈለን ብለን አድማ መትተናል። የተላጨሁት ለዚያ ነው።»

ዳጆንግ እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። በምሶክ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። ፎቶ አንሺው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «ቤተሰብ ወደዚህ ጠጋ በሉ» ብሎ ተጣራ። ልጄ ሄዳ ከአማቷ ጎን ቆመች። እኔ ከሌላው ጫፍ ብቻዬን ቆምኩ፤ ፎቶውም እንደዚያው ተነሳ።