ዘጠኝ ጣት

ሰፈርተኛው «መጋዝ» ይላታል፤ አንድም የአናጢ ልጅ ስለሆነች፣ አንድም ምላሷ ስለሚቆርጥ። ሰባ ዓመት አልፏታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግን እሷ ስትመጣ እግሩን ይሰበስባል።

የዚያን ቀን የጦር ሠራዊቱ መዝገብ ቤት የመጣችው ለአጎቷ ብላ ነው። የአባቷ ታላቅ ወንድም ዘምቶ የቀረ ነው። አሁን ለወደቁት የድንጋይ ሐውልት ሊቆም፣ ስማቸውም ሊቀረጽበት ነው። የሥጋ ዘመድ ቀርቦ «የኔ ነው» ብሎ ካልፈረመ ግን ስሙ ይዘለላል። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ለአጎቷ ደግሞ ከእሷ በቀር ሰው አልቀረውም።

መዝገብ ያዡ አንገቱ እንደ ኤሊ ከኮቱ የሚወጣና የሚገባ ሰውዬ ነው። ምድር ቤት አወረዳት። መስኮት የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ብቻ። አንዱን አውርዶ አቧራውን እፍ አለና ገመዱን ፈታ።

«ይኸው እማማ። የተመዘገበው ድልድዩን ጎርፍ በወሰደው ዓመት ነው፤ ክረምት ሲገባ።»

«እኔም የተወለድኩት በዚያው ክረምት ነው፤ ሲወጣ።»

«እንግዲያው ከፋይሉ ጋር እኩያ ነዎት!» ብሎ ሳቀና ሰዓቱን አየ። «ምሳ በልቼ መጣሁ። ፋይል ከክፍሉ አይወጣም፤ ፋይል የያዘ ሰውም አይወጣም። ደንብ ነው፣ እቆልፋለሁ።»

«እኔን ነው የምትቆልፍብኝ?»

«ፋይሉን ነው እንጂ። እርስዎ አብረውት ስላሉ ነው።»

«እናትህንም እንዲህ ቆልፈህባት ነው የምትበላ?»

ሳቁ ከበሩ ማዶ ቀረ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

መጋዝ ወንበሩን ስባ ፋይሉን ገለጠች። አባቷ ከፎቶው ላይ ዓይን ዓይኗን አያት።

አጎቷ አይደለም፤ አባቷ ነው። ወጣት ነው፣ ጸጉሩ ጥቁር ነው፤ ያ ለሁለት የተከፈለ ቅንድቡ ግን የሱ ነው። ከሥሩ አሥር የጣት አሻራ ሣጥኖች ተሰምረዋል። ዘጠኙ ቀለም አላቸው፤ የግራ እጅ ሌባ ጣት ሣጥን ባዶ ነው። የአባቷን ሌባ ጣት በልጅነቱ የእንጨት መጋዝ ወስዶታል። በዚያ ጉርድ ጣቱ ነበር ስታጠፋ ግንባሯን የሚኮረኩማት።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ይኼኛው የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ሳቂታ ልጅ ነው። አባቷን ይመስላል፤ አባቷ ግን አይደለም። ከሥሩ አሥሩም ሣጥን ሞልቷል።

ሰው የተቆረጠ ጣቱን ጦር ግንባር ላይ አያበቅልም። የመንግሥት ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን ስም ከስም ሲያመሳክሩ ኖሩ፤ ጣት የቆጠረ ግን የለም። ማንበብ አንዳንዱን እንዲህ ያሳውረዋል።

ነገሩ ገባት። ለዘመቻ የተጠራው አባቷ ነው። እናቷ ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ በሆዷ ያለችው ደግሞ እሷው ናት። ታናሽየው በታላቁ ስም ዘመተ፤ ታላቁ፣ አባቷ ማለት ነው፣ የታናሹን ስም ለብሶ ወደማያውቁት ከተማ ገባ። ያ ሳቂታ ልጅ አልተመለሰም።

ለዚህ ነው የአባቷ የሥራ ክፍል መስኮት በሳንቃ የተመታው፤ «አቧራ እንዳይገባ» እያለ። ለዚህ ነው በር ሲንኳኳ መላጊያውን ጥሎ ወደ ጓዳ የሚገባው። ለዚህ ነው በስሙ ሲጠሩት በሦስተኛው ጥሪ ብቻ «አቤት» የሚለው። እናቷ «አንድ ጆሮው አይሰማም» ትል ነበር። ያ ጆሮ ግን ፍቅፋቂ ላይ የወደቀች ምስማር ይሰማ ነበር።

«ፈሪ!» አለች ጮክ ብላ። ባዶውን ሣጥን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «ለማን ብሎ ፈራ እንግዲህ» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ።

ተነስታ በሩን ገፋች፤ ሳበች፤ በቡጢ መታች። የሚሰማ የለም። አባቷ እንዲህ ባለ ክፍል አርባ ዓመት ተቀምጧል፤ እሷ አንድ ሰዓት አልቻለችም።

ተመልሳ ተቀመጠች። ብትፈርም የሚቀረጸው አልጋው ላይ የሞተው የአባቷ ስም ነው። የወደቀው ልጅ ስም የሚገኘው በአባቷ መቃብር ላይና በመታወቂያዋ ላይ ነው፤ ከራሷ ስም ቀጥሎ።

መዝገብ ያዡ ጥርሱን እየጎረጎረ ገባ።

«አዩት እማማ?»

«አየሁት። እኔ ምልህ፣ ሰው በሌላ ሰው ስም ዘምቶ ቢገኝስ?»

«ፋይሉ ይታገዳል። ሐውልቱ ላይ አንዳቸውም አይወጡም። ከዚያ የተረፈው ሰው መታወቂያ፣ ቤት፣ ልጅ፣ ሁሉም ይመረመራል። ምነው ጠየቁኝ?»

«ቆልፈህብኝ ሄድክ፤ ምን ላስብ ታዲያ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሆድ ይፍጀው አለች።

ቅጹን ዘርግቶ መጠየቅ ጀመረ። «ሌላ መጠሪያ ስም ነበረው?»

መጋዝ ቀና አለች። የሳቂታውን ልጅ ስም ቃል በቃል፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ነገረችው።

እስክሪብቶው ቆመ። «ይኼማ የአባትዎ ስም ነው! ዘበኛው ከመታወቂያዎ የገለበጠው ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ እኮ።»

«በቤት እንዲያ ነበር የሚባለው። ወንድማማቾች በአንድ ስም ቢጠሩ አንተን ምን ቆረጠህ? ጻፍ!»

ጻፈ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ ከሥሩ አተመች።

«እሱም ይቀረጻል?»

«አይ፣ ድንጋዩ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው። ይኼ እዚሁ ይቀመጣል።»

ካርቶኑን ከደነው፤ በገመድ አሰረው፤ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ሲወጡ ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

ግቢውን አቋርጣ መንገዱ ጋ ስትደርስ ዘበኛው ከኋላዋ ተጣራ። ስትገባ ያስያዘችውን መታወቂያ ረስታ ነው። ስሟን ከነአባቷ አነበበ። ዝም ብላ ሄደች። ደገመው። የቆመችው በሦስተኛው ነው።

«ጆሮዎ አይሰማም እንዴ እማማ?» አላት እያለከለከ።

«አንዱ» አለችና መታወቂያዋን ተቀበለችው።