መነጽር የሚፈተነው ሲመሽ ነው

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ ዓይኑ ሲያድን ኖሮ፣ በስተርጅና የጠመንጃ መነጽር ልግዛ ሲል ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። «ለምን?» ስለው «ዘመኑ ነው» አለኝ። ዘመኑ! ቴሌቪዥን እንኳ ስንት ተለምኖ ያስገባ ሰው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገልብጬ ስፌቱን ሳላይ የማልፈው ነገር የለም። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ወደ መነጽር ሱቁ ተከተልኩት።

ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ለአደን ሊወጡ ተቀጣጥረዋል። የሁልጊዜ ሥርዓታቸው ነው፤ አጎቴ ከፊት እየሄደ አውሬውን ያስነሳል፣ አባቴ ከኋላ ሆኖ ይተኩሳል።

ባለሱቁ ለመነጽሮቹ ያለው አክብሮት አስቂኝ ነበር። እያንዳንዱን ከሳጥኑ ሲያወጣ የተኛ ሕፃን የሚያነሳ ይመስላል። አባቴ በጣም የሚያጎላውን እንዲሰጠው ጠየቀ።

«አባባ፣ ባጎላ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ ይጠብባል» አለ ባለሱቁ። «ጆሮውን እያዩ አውሬውን ያጡታል።»

እኔ ሳቅኩ፤ አባቴ ግን አልሳቀም። የፊቱ መስታወት ለምን ከኋላው እንደሚሰፋ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ብርሃን እንዲሰበስብ ነው አለኝ፣ አውሬ የሚወጣው ሲመሻሽ ስለሆነ። ልሞክረው ብዬ ዓይኔን ብለጥፍበት ጨለማ ብቻ ሆነብኝ።

«ኧረ ራቅ በይ! ጠመንጃ ላይ ቢሆን ኖሮ ወደኋላ ሲመልስ ቅንድብሽን ይተረትረው ነበር» አለኝ ባለሱቁ።

ትንሽ ራቅ ስል ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር ከነዝገቱ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ወይ ጉድ! ሌላ አምጣ፣ ሌላ አምጣ እያልኩ አስቸገርኩት።

ባለሱቁ ግን ቀን አይሸጥም። «ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጥሩ ነው፤ እስኪመሽ ጠብቁ» አለን። ፀሐይ ስትጠልቅ በጓሮ በር አወጣንና መነጽሩን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ለአባቴ አስተካከለለት። ከግንቡ ወዲያ ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አለ።

«ምን ይታይዎታል?»

«ሣር... ቧንቧ... ቡናማ ውሻ ተጋድሟል» አለ አባቴ፣ አንዳች ሳይጠራጠር።

ተቀብዬ አየሁ። በመስቀለኛው መስመር መሃል ቡናማ ጃኬት የለበሰ ቧንቧ ሠራተኛ አጎንብሶ ብሎን ያጠብቃል። ወዲያው ብድግ ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ኧረ ሰው ነው!» አልኩ። ባለሱቁ ከሁሉ የተሻለውን አምጥቶ አስደገፈለት። አባቴ አየ፣ ደግሞ አየ።

«የታለ ሰውዬው?» አለ።

«መነጽሩ ደህና ነው፣ አባባ» አለ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ባዶ እጃችንን ወጥተን የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር መናገር ጀመረ።

«አምና ቁጥቋጦው መሃል ቡናማ ነገር አየሁ። ድኩላ ነው ብዬ አነጣጠርኩ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። አጎትሽ አፏጨ። እንደው ባያፏጭ ኖሮ... መስታወት የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር።»

ፈራሁም፣ ተናደድኩም። «እና ይኸን ሁሉ ጊዜ ዝም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ምን ልበል? ዓይኔ ጠፋ ልበል?»

ስልኩን አወጣና እንደ ልማዱ ድምፁን ለመንገደኛው ሁሉ ከፍቶ አጎቴ ጋ ደወለ። «ስማ፣ የቅዳሜው ቀርቷል።»

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደለህም?»

አባቴ አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ ቁጥቋጦውን፣ ቃታውን፣ የዛሬውን ውሻ። «በፉጨትህ ነው የተረፍከው» አለው በመጨረሻ።

አጎቴም «ታዲያ ከዚያን ቀን ወዲህ አውሬውን ሁሉ እያስበረገግሁ ሳፏጭ የምውለው ለምን ይመስልሃል?» አለ።

አባቴ ስልኩን ከአፉ አራቀው፣ መልሶ አስጠጋው። «አንተ፣ እያወቅህ ነው ከፊቴ የምትሄደው?»

«እኔ ብቀር ብቻህን ትወጣ ነበራ።»

አባቴ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ተቀበልኩት። አጎቴን ቅዳሜ ቤታችን መጥቶ እንዲውል ነገርኩትና አባቴን ደግፌ ከደረጃው አስነሳሁት።