የተጠማው ቡገንቪሊያ

በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ቡገንቪሊያውን የተከልሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠልና እሾህ ብቻ ሆነ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ተክሉን የሚወድ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አጠጣሁት። የመስኖ ተራችን ሲደርስ ከሽንኩርታችን ቀንሼ በባልዲ አመላልስለት ነበር።

በ1973 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አሰግድ ዶማ የያዘ ሰው አስከትለው መጡ።

«ክንፈ፣ ይህ እሾህ ለሠራተኞች በዓል፣ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት ካላበበ ይነቀላል። ቃሪያ እንተክልበታለን።»

ሰው ፊት ስቆም አፌ ይደርቃል። «እሺ ጓድ» ብቻ አልሁ።

ከዚያ በቀጥታ እትዬ ሙሀባ ዘንድ ሄድሁ። በሰፈራችን አበባ የሚያለሙትም፣ የሙሽራ ቤት በአበባ የሚያስጌጡትም እሳቸው ናቸው። መጥተው ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አደረጉና ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ አጥግበኸዋል እኮ! የጠገበ ምን ቆርጦት ያብባል? ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ ውሃ እንዳታሳየው።»

«ይሞትብኛል፣ እትዬ።»

«ወላሂ አይሞትም! ሞት ሲሸተው ነው የሚያብበው።»

በዐሥረኛው ቀን ቅጠሉ ተጠቀለለ። ከዚያ መርገፍ ጀመረ። አንድ ቀትር ላይ አላስችል ብሎኝ ባልዲ ሞልቼ አጥሩ ድረስ ሄድሁ። ብዙ ቆምሁ። በመጨረሻ ውሃውን ለአህያችን ሰጠኋት።

የቅርንጫፎቹ ጫፍ ሲቀላ እየደረቀ መስሎኝ ሁለት ቀን በዚያ በኩል አላለፍሁም። በፋሲካ ማግስት ጠዋት ስመጣ አጥሩ የለም። ቀይ ብቻ ነው። ቀረብ ብዬ አየሁት። ቀዩ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅጠል ነው፤ አበባውስ መካከሉ ላይ ያለች፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ነገር ናት። ለእሷ ሲባል ያ ሁሉ ቅጠል ቀልቷል፤ ያውም ያለ ውሃ። ብተነፍስ የሚረግፍ መሰለኝ።

ወደ ጀውሃ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «አጥሩ ተቃጠለ እንዴ?» አለ።

ጓድ አሰግድም መጡ። «ምን ሰጥተኸው ነው? ማዳበሪያ ነው?»

«ምንም አልሰጠሁትም፣ ጓድ።»

«ይህ ልጅ ምስጢረኛ ነው!»

በበዓሉ ዋዜማ እትዬ ሙሀባ ቅርንጫፎች ቆረጡ። አረንጓዴውን ቅጠል ሁሉ ገፈፉና እስከ ጫፋቸው በርሜል ውሃ ውስጥ አሰጠሟቸው።

«አሁንስ ውሃ አይጎዳውም?» አልኋቸው።

«አሁን እኮ ሥር የለውም፤ እንግዳ ነው። እንግዳ ይጠጣል።»

ጠዋት በዘይት ቆርቆሮ አድርገን መድረኩ ላይ ደረደርነው። ከደብረ ሲና በአውቶቡስ የመጣው ጽጌረዳ ሁለተኛው ንግግር ሳያልቅ አንገቱን ደፋ። የእኛው በዚያ ሐሩር ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጓድ አሰግድ ከመድረክ ሲወርዱ ወደ እኔ መጡ። «ከቢሮው ጀርባም ትከል» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ «እኔም ቤት አንድ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ዐይኔ ግን ቆርቆሮዎቹ ላይ ነበር፤ ንብ መጥታ ከነጯ አበባ ላይ ስታርፍ አየሁ።